ቁጥሩ የወረፋ ነው
ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ቆየት ያለ ኮምፒዩተር ላይ ፍላሽ ይሰካና ማሽኑ ከዚያው ፍላሽ እንዲነሳ ይደረግ። ትናንት «ኤችዲ0» ይባል የነበረው የውስጡ ሃርድ ዲስክ ዛሬ «ኤችዲ1» ሆኖ ይገኛል። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ባዮስ የተባለው የማሽኑ ፈርምዌር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚሰጠው ለሚነሳበት ዲስክ ስለሆነ፣ ፍላሹ ወረፋውን ቀድሞ ያዘበት።

ይህን አቆጣጠር የሚጠቀመው ግረብ የተባለው ቡትሎደር ነው። ኤሪክ ቦሊን በ1995 እ.ኤ.አ. ለግኑ ኸርድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲል ጀመረው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ከርነሉን ከዲስክ ፈልጎ ወደ ሜሞሪ መጫንና ዞር ማለት። ችግሩ፣ በዚያ ሰዓት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና አልነቃም። ስለዚህ ቡትሎደሩ ስለ ዲስኮቹ የሚጠይቀው በአብዛኛው ፈርምዌሩን ነው፤ ፈርምዌሩ ደግሞ እንደየማሽኑ ቋንቋው ይለያያል። ባዮስ ዲስኮችን በቁጥር ይጠራል። በፓወርፒሲ የሚሠሩት የአፕል ማኮች ላይ የነበረው ኦፕን ፈርምዌር በረጅም አድራሻ ይጠራቸዋል። ዩኢኤፍአይ ሌላ መንገድ አለው።

የአሁኑ ግረብ መፍትሔ መደራረብ ነው። ከታች ያለው ክፍል ከፈርምዌሩ ጋር ይነጋገራል፤ ከላዩ ላለው የሚያቀብለው የተነበቡ ሴክተሮችን ብቻ ነው። መካከለኛው ፓርቲሽኖቹን ይለያል፣ የላይኛው ፋይል ሲስተሙን ያነባል። አዲስ ዓይነት ማሽን ሲመጣ በዋናነት የሚጻፈው የታችኛው ነው።

መካከለኛው ክፍል ግን ወጥመድ የበዛበት ነው። ኤምቢአር የተባለው የድሮው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ በ512 ባይት ሴክተር ውስጥ ይኖራል፦ ከ446ኛው ባይት በኋላ ለ4 ፓርቲሽን የሚሆኑ ባለ 16 ባይት መዝገቦች፣ መጨረሻ ላይ በሄክሳዴሲማል 55 እና ኤኤ የተባሉ ሁለት ምልክቶች። ምልክቶቹን ማየት ብቻውን አይበቃም። ፓርቲሽን የሌለው፣ በቀጥታ በፋት ፎርማት የተደረገ ፍላሽም የመጀመሪያው ሴክተሩ በእነዚሁ ባይቶች ያልቃል። ስለዚህ ግረብ የእያንዳንዱን መዝገብ የመጀመሪያ ባይት ያያል፤ ከ0 ወይም በሄክሳዴሲማል ከ80 ውጭ ከሆነ ሰንጠረዡን አይቀበልም።

ሁለቱ ምልክቶች እንደ አንድ ቁጥር ሲነበቡም ጣጣ አላቸው። ትንሹን ባይት የሚያስቀድመው ኢንቴል ኤኤ55 ሲል፣ ትልቁን የሚያስቀድም ማሽን 55ኤኤ ይላል። ቅደም ተከተሉን ራሱ ያላስተካከለ ኮድ አንዱ ላይ ይሠራና ሌላው ላይ ዲስኩን ባዶ አድርጎ ያየዋል።

አዲሱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ጂፒቲ ደግሞ ራሱን በኤምቢአር ይሸፍናል። አሮጌ ፕሮግራም ዲስኩን ባዶ መስሎት እንዳያበላሸው፣ ዓይነቱ ኢኢ የሆነ አስመሳይ ፓርቲሽን ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ግረብ ይህን ሲያይ ኤምቢአሩን ትቶ እውነተኛውን ሰንጠረዥ ቀጥሎ ካለው ሴክተር ይፈልጋል። «ቀጥሎ» የሚለው ቃልም ያሳስታል፤ ሴክተሩ 4096 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ ሰንጠረዡ የሚጀምረው ከ512ኛው ባይት ሳይሆን ከ4096ኛው ነው።

ከወረፋው ለማምለጥ ግረብ ዲስኩን በቁጥሩ ሳይሆን ፋይል ሲስተሙ ላይ በተጻፈው መለያ ይፈልጋል፤ መለያው ዩዩአይዲ ይባላል። ፍላሽ ተሰካም ተነቀለም አይለወጥም። ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጦ ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ከተሰኩ ግን አንድ ዓይነት መለያ ሁለት ቦታ ይገኛል። ያኔ የሚመረጠው ቀድሞ የተገኘው ነው።