የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ

 

በዚህ ወር አምዳችን ስለ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እንነጋገራለን። ስለ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ስለ ታማሚው ቤተሰብ ግን እምብዛም አይነሳም። ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ሕመምተኛ ይዞ ጎንደር ሆስፒታል የመጣ ቤተሰብ ጭንቀቱ ብዙ ነው። ይድን ይሆን? ምን ይብላ? ልጆቹ ላይ ይጋባ ይሆን? ጎረቤት ቢሰማስ? እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። ከመቶ ዓመት በፊት በሩቅ አገር፣ የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ ቤተሰቦችም የሚወዱትን ሰው ሆስፒታል ልከው በደብዳቤ ሲጨነቁ ኖረዋል።

በዴንቨር የነበሩት ሁለት ሆስፒታሎች

እ.ኤ.አ. በ1882 ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በሽታው በባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳወቀ። ይሁን እንጂ ፈዋሽ መድኃኒት ገና አልነበረም። ሐኪሞች የሚያዙት ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ብቻ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ደጋማ አየር ለሳንባ ይስማማል ስለተባለ በሽተኛው ሁሉ ወደ ዴንቨር ከተማ ይጎርፍ ጀመር። ብዙዎቹ ድሆች ስለነበሩ ማረፊያ እንኳ አጥተው መንገድ ላይ ይወድቁ ነበር።

ይህን ያዩ አይሁዳውያን እ.ኤ.አ. በ1899 በከተማዋ ለሳንባ ነቀርሳ ድሆች ነጻ ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ ግን የሚቀበለው በሽታው ገና ያልጠናባቸውን ነበር፤ መጀመሪያ ላይም በአይሁድ ሕግ መሠረት የተዘጋጀ ምግብ አያቀርብም ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1904 ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ታማሚዎች ሆነው፣ የራሳቸውን የመረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። ዶክተር ቻርልስ ስፒቫክ እስከ ሞቱበት እስከ 1927 ድረስ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ይህኛው ሳናቶሪየም በሽታው የጠናበትንም ሰው ይቀበል ነበር። የማኅበሩ መፈክር አንድን ነፍስ ስለ ማዳን ታላቅነት የሚናገር ሲሆን፣ ሐሳቡ ሱረቱል ማኢዳን ለሚያውቅ ሙስሊም እንግዳ አይደለም።

በሳናቶሪየሙ መዝገብ ውስጥ የሐኪም ማስታወሻዎች፣ የመግቢያ ማመልከቻዎችና ከቤተሰብ የመጡ ደብዳቤዎች ይገኛሉ። መዝገቡ ዛሬ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ብዙዎቹ ታማሚዎች እንደ ኒውዮርክ ካሉ ሩቅ ከተሞች የመጡ ስለነበሩ ዘመድ ሄዶ ሊጠይቃቸው አይችልም፤ ያለው መንገድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ለታማሚው አልጋ እንዲሰጠው የሚማጸን አለ፤ ስለ ጤናው የሚጠይቅ አለ፤ አባወራው ታሞ የሚበላ ያጣ ቤተሰብም አለ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሳንባ ነቀርሳ አንድ ሰው ቢይዝም የሚጎዳው ቤተሰቡን በሙሉ ነው። ሠራተኛው ሲተኛ ገቢ ይቆማል፣ ምግብ ያንሳል። ምግብ ሲያንስ ደግሞ የቀሩት የቤተሰብ አባላት በቀላሉ ይታመማሉ።

ሁለተኛ፣ ታማሚ ለእምነቱ የማይስማማ ምግብ ቢቀርብለት አይበላም፤ ካልበላም አይጠነክርም። በጎንደርም የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የተለያየ በመሆኑ ይህን ችግር እናውቀዋለን። ሆኖም ሥጋ ከሌለ ታማሚው ይጎዳል ማለት አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ እንቁላልና ወተት ሰውነትን ይገነባሉ። አስታማሚ ሲመላለስ ስንቁን ከእነዚህ ያዘጋጅ።

ሦስተኛ፣ ምግብና ዕረፍት ብቻቸውን አያድኑም። በዚያ ዘመን ወተትና እንቁላል በብዛት እየተሰጣቸው የሞቱት ብዙ ናቸው። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን፣ በ1952 ደግሞ የአይሶናያዚድ ፈዋሽነት ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳናቶሪየሞች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የ1904ቱም ማኅበር በ1954 ፊቱን ወደ ካንሰር ሕክምና አዞረ።

የእኛው አገር ተሞክሮ

መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተስፋፋ። ታማሚዎቹ ሲመጡ እጅግ የከሱ ነበሩ። ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው መለኪያ የጤናማ ሰው ዝቅተኛ ልክ 18.5 ሲሆን፣ የእነዚህ ሰዎች መካከለኛ ልክ 16.6 ነበር። ከመድኃኒቱ ጋር የምግብና የኑሮ ድጋፍ ስለተደረገላቸው፣ ውጤታቸው ከተጠናው 612 ታማሚዎች 78.6 በመቶው ሕክምናቸው ተሳክቷል።

በሕንድ አገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናትም ትልቅ ነገር አሳይቷል። ለታማሚው ቤተሰብ በየወሩ ሩዝ፣ ጥራጥሬና ቫይታሚን ሲሰጥ፣ አዲስ የሚታመሙት የቤተሰብ አባላት ቁጥር 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ለአንድ ታማሚ ቤት ምስርና ዱቄት የሚያቀብል ጎረቤት በሽታውን ከመከላከል ሥራ ተካፍሏል ማለት ነው። ዘካና ሰደቃ ሲከፋፈል የታማሚ ቤተሰቦች ቢታወሱ መልካም ነው።

ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ላብ፣ ትኩሳትና መክሳት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል።

• የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። ታማሚው በሁለተኛው ወር ስለተሻለው ብቻ ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

• በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው። ሰሃንና ብርጭቆ መለየት ታማሚውን ከማሳዘን በቀር አይጠቅምም። መስኮት መክፈት፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈንና በአንድ ቤት የሚኖሩትን በተለይም ሕፃናትን ማስመርመር ግን ይጠቅማል።

• ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ጥሬ እንቁላልም አይመከርም።

• ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው በተዘጋ ክፍል አብሮ ሲቀመጥ በሽታው በቀላሉ ይተላለፋል።

• በረመዷን ታማሚ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ለሕመምተኛ ጾሙን አፍርሶ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል። መጾም የሚፈልግ ቢኖር አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ዛሬ በደብዳቤ ፋንታ ስልክ አለ። ሆኖም በአዲስ ዓለምም ሆነ በገጠሩ ዘመድ ታሞ ሳለ ሰው እንዳያውቅ በሚል ሳይጠየቅ ተኝቶ የሚውል አይጠፋም። ትክክለኛ ሕክምና የጀመረ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። እንጠይቀው፣ እንደውልለት፣ መድኃኒቱን እናስታውሰው፣ ምግቡን እናድርስለት። በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም ለሙስሊም ካለበት ሐቅ አንዱ ነውና።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ አስታማሚዎችንም ያበርታልን። አሚን።