ድምፁ መቼ ይሰማል?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ቢሾፍቱን አለፍ እንዳልን ሙቀቱ በረታና ኤሲውን ከፈትነው። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር የሚያጓራ ድምፅ ተነሣ። ስናጠፋው ጸጥ አለ፤ ስንከፍተው ተመለሰ። አየሩም እንደ ድሮው አልቀዘቀዘም። አዳማ ላይ ያየው መካኒክ ጥቂት አዳምጦ «ኮምፕረሰሩ አልቋል፤ መቀየር ነው ያለበት» አለ። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ጠይቀን የተነገረን ዋጋ ግን ሌላ ባለሙያ ሳናማክር እጃችንን ወደ ኪሳችን እንዳንሰድ አደረገን።

አዲስ አበባ ያገኘናቸው የኤሲ ባለሙያ በዚሁ ሥራ የሸበቱ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ሳይከፍቱ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የድምፁን ዓይነት ኋላ እንሰማዋለን። መጀመሪያ መቼ እንደሚጮኽ ንገረኝ።»

ጥያቄው ለምን እንደሚቀድም ሥራቸውን ሳይ ገባኝ። የኤሲ ክፍሎች ሁሉም አንድ ላይ አይዞሩም። አየሩን ወደ ውስጥ የሚነፋው ፋን በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሞተሩ ባይነሣም ይዞራል። የኮምፕረሰሩ ፑሌጃ በቺንጋ ስለሚነዳ ኤሲው ቢጠፋም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አያርፍም። የኮምፕረሰሩ ሆድ ግን የሚንቀሳቀሰው የኤሲው ቁልፍ ተጭኖ መግነጢሳዊው ፍሪሲዮን ከፑሌጃው ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። ድምፁ የሚሰማበት ሰዓት ከታወቀ ተጠርጣሪው ክፍል ይጠባል።

ሞተሩን ሳያስነሡ ፋኑን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አዞሩት። በከፍተኛው ላይ ቀለል ያለ መንኳኳት ተሰማ። ከፊት ወንበር ፊት ለፊት ያለውን የዕቃ ሣጥን አውርደው ማጣሪያውን ሲያወጡ ደረቅ ቅጠል ዱብ ዱብ አለ። ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር መግቢያ በኩል ቅጠል ይሰበስባል። ቅጠሉ ተጠረገና መንኳኳቱ ቆመ። «ይኼ የራሱ ነው፤ የእኛ ማጓራት ገና ነው» አሉ።

ቀጥለው ሞተሩን አስነሡና ኤሲውን አጥፍተው ረጅም ካቻቢቴ አመጡ። ጫፉን በማይዞረው የብረት አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የኮምፕረሰሩን አፍንጫና የቺንጋ መወጠሪያውን አዳመጡ። ንጹሕ ነበር። የፑሌጃው ኩሽኔት ቢያልቅ ኖሮ ኤሲው ጠፍቶም ይጮኽ ነበር። በመጨረሻ ቁልፉን ተጫኑት። ፍሪሲዮኑ «ጠቅ» ብሎ ያዘ፤ ማጓራቱም ተከተለ። ብሎኖቹ አልላሉም። እንግዲህ ድምፁ ከኮምፕረሰሩ ውስጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ የአዳማው መካኒክ ልክ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን «ጮኸ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ምን እንዳስጮኸው እንይ» ብለው ሞተሩን አጥፍተው የግፊት መለኪያ ገጠሙ። የመኪናው ጋዝ አር 134 ኤ ነው። አየሩ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት ጋራዥ፣ ሁሉም ነገር ቆሞ ሳለ፣ መለኪያው ወደ 70 ፒኤስአይ መጠጋት ነበረበት። መርፌው 50 እንኳ አልደረሰም። ጋዙ ጎድሏል።

ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው። ጋዝ ሲጎድል ዘይቱ በቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ ኮምፕረሰሩም ደርቆ ይፋጫል። የሰማነው ያንን የዘይት ጥም ነበር።

ጋዙ የወጣበትን ቦታ ያገኙት ደግሞ በአቧራ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር አጠገብ አንድ የቱቦ መጋጠሚያ በቅባት የተያዘ ጥቁር አቧራ ለብሷል። ጋዝ ሲሾልክ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራው እዚያው ይለጠፋል። የሳሙና አረፋ ቢቀቡት አረፋው ሲነፋ አየን።

የቀረውን ጋዝ አየር ላይ አልለቀቁትም፤ በማሽን ሰበሰቡት። አር 134 ኤ ምድርን በማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ይበልጣል። ፈሳሹም በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚፈላ ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል። ከዚያ መጋጠሚያውን ፈትተው ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ጠረጉ። የብረት ብናኝ ቢኖርበት ኮምፕረሰሩ በእርግጥ አልቆ ነበር፤ ቱቦዎቹም መታጠብ ነበረባቸው። ዘይቱ ጥርት ያለ ነበር።

ደርቆ የተሰነጠቀውን የላስቲክ ቀለበት ቀየሩ፤ ሥርዓቱን ለግማሽ ሰዓት ያህል በቫኪዩም ፓምፕ መጥጠው አየሩንና እርጥበቱን አወጡ። ፓምፑ ቆሞ መርፌው ከቦታው አለመነቃነቁን ካዩ በኋላ ተገቢውን ዘይት ጨምረው፣ ጋዙን ከኮፈኑ ሥር በተጻፈው መጠን መዝነው ሞሉ። በግምት የሚሞላ ጋዝ ሲበዛም ግፊቱን ሰቅሎ ኮምፕረሰሩን ያስጮኻል። ቁልፉ ሲጫን «ጠቅ» አለ፤ ማጓራቱ ግን የለም። ቀዝቃዛው አየር ተመለሰ።

«ይህን ቀለበት ምን አደረቀው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው አሉ፤ ሥራ መፍታት ደግሞ ሌላው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ኤሲ ለወራት ሳይነካ ይቆማል፤ ዘይት ያልደረሳቸው ላስቲኮችም ይደርቃሉ።

ስለዚህ ደገኛ አሽከርካሪዎች ሆይ፣ ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ኤሲውን ለ10 ደቂቃ አሠሩት፤ የመስታወቱን ጉምም ያደርቅላችኋል። ከጮኸ ቶሎ አጥፉት፤ መቼ እንደሚጮኽ ልብ ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩት። ግፊቱ ሳይለካና ዘይቱ ሳይታይ ግን ኮምፕረሰር አትግዙ።