የፓፓያ አበባና ማታ የሚጎበኙት ነፍሳት



ሴቴ ፓፓያ በብዛት አብባ ፍሬ ሳትይዝ አበባዋ የሚረግፍበት ጊዜ አለ። የውሃ እጥረትና ከፍተኛ ሙቀት አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው የወንዴው ብናኝ ሳይደርሳት መቅረቱ ነው።

ብናኙን ማን ያደርሳል?

ዱባ አበባውን በማለዳ ከፍቶ ንብን ይጠራል። የፓፓያ አበባ ግን እንደ ቅል አበባ የማታ ነው፤ ነጣ ያለ ሲሆን መዓዛው የሚጎላው ሲመሽ ነው። ዋናው ጎብኚው ክር የመሰለ ረጅም ምላስ ያለው ትልቅ የእሳት እራት ነው። አበባው ላይ ሳያርፍ፣ በአየር ላይ እንዳለ ወለላውን ይመጣል።

ወለላ ያለው ግን የወንዴው አበባ ብቻ ነው። የሴቴዋ አበባ በመልክና በመዓዛ ስለምትመስለው የእሳት እራቱ ተሳስቶ ጎራ ይላል፤ ያን ጊዜ ብናኙን ያደርስላታል። ስለዚህ ወንዴ ከሌለ ብናኝም፣ የእሳት እራቱን የሚስብ ወለላም የለም።

ምን ማድረግ ይገባችኋል?

1. ወንዴውን ጨርሳችሁ አትቁረጡ። አበባው በረጅም ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው ወንዴ ነው። ለ10 ሴቴ 1 ወንዴ በማሳው ውስጥ አሰራጭታችሁ አስቀሩ። በአንድ አበባ ሁለቱንም ፆታ የያዘ ዝርያ ግን ወንዴ አያስፈልገውም።

2. በምሽት ፀረ ተባይ አትርጩ። በመቂና በባቱ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ ከፓፓያ ጋር ይጎራበታል። ለንብ ተብሎ ወደ ማታ የተገፋ ርጭት በነፋስ ተወስዶ የእሳት እራቱን ይጎዳል። ርጭት የግድ ከሆነ ንጋት ላይ፣ ንብ ሳትወጣ ይሁን።

3. የማሳ ዳር ቁጥቋጦ አትመንጥሩ። በጎረቤት ኬንያ፣ በስምጥ ሸለቆው በከሪዮ የተደረገ ጥናት የተፈጥሮ ቁጥቋጦ በቅርብ ያለው የፓፓያ ማሳ በእሳት እራቶች ይበልጥ እንደሚጎበኝ አሳይቷል። የአንዳንዶቹ አባጨጓሬ የስኳር ድንች ቅጠል ስለሚበላ ግን ስኳር ድንች ካላችሁ ቅጠሉን ተከታተሉ።

ራሳችሁ አረጋግጡ

ፓፓያው ሲያብብ ለ3 ተከታታይ ምሽት ከ12፡30 እስከ 1፡30 ማሳው ውስጥ ቆማችሁ ተመልከቱ። የእሳት እራት ካላያችሁ፣ የተከፈተ የወንዴ አበባ ቆርጣችሁ ብናኙን በተከፈተች ሴቴ አበባ መሃል ቀስ አድርጋችሁ አስነኩ። ያያችሁትንም ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ንገሩ፤ ለጎረቤት አርሶ አደሮችም አሳዩ።