የሐሮማያ ሐይቅና የውኃ አቀዳድ ሥርዓት

በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ፣ በቀድሞው አጠራር ዓለማያ፣ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ኖሯል። በ1997 ዓ.ም. ግድም ግን ደረቀ፤ ወለሉም የከብት መሰማሪያ ሆነ።

የመድረቁ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የሌለው፣ ጥልቀቱም አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ውኃው በፀሐይ ትነት ብዙ ይቀንሳል። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ተመንጥረው በመታረሳቸው ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ በወለሉ ላይ ደለል ከመረበት። በዚህም ላይ የከተሞቹ ፍላጎት አደገ፤ ጫትና አትክልት የሚያለማው ገበሬም ውኃውን በሞተር ፓምፕ ይስብ ጀመር።

ለባህል ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚያስመረምረው ይህ የመጨረሻው ነው። በቦረና፣ ዘጠኙ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች፣ ውኃው የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው በመቆም መቅጃውን እየተቀባበሉ ነው። ጕድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ወይም ወራሹ ኮንፊ ይባላል፤ የማጠጫውን ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው፤ ትርጓሜውም የቍጥር አባት ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ለአቀዳዱ ሁለት ልጓም አለው፤ አንደኛው የሰው ጕልበት፣ ሁለተኛው የታወቀ ቈጣሪ።

ፓምፑ የመጀመሪያውን ልጓም ፈታው። ባለ ፓምፕ የጎረቤቱን ክንድ ሳይሻ ብቻውን የብዙ ሰው ድርሻ ሊስብ ይችላል። በሐሮማያ ሁለተኛው ልጓም በቦታው አልተተካም። እንዲያውም ሐይቁ ሲጐድል ገበሬዎች በደረቀው ወለል ላይ ጕድጓድ እየቆፈሩ መሳቡን ቀጠሉ፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር ለማስመጣት ተገደደች።

የቦረናን ሥርዓት እንዳለ ወደ ሐሮማያ ማዛወር አይቻልም፤ የጎሣ ጕድጓድ ተጠቃሚዎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሲሆኑ፣ ሐይቁ ግን ለገበሬም ለከተሜም የሚያገለግል ነው። ሊወሰድ የሚችለው መሠረቱ ነው፤ ይኸውም የመቅዳት መብት ከመጠበቅ ግዴታ ጋራ መታሰሩና የሚቀዳውን የሚቈጥር፣ ሁሉም የሚታዘዘው አካል መኖሩ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ወደ ሐይቁ ተመልሷል፤ በኮረብታዎቹም ላይ የእርከንና የችግኝ ሥራ ተሠርቷል። ሆኖም እርከን ደለልን ያግዳል እንጂ ፓምፕን አያግድም። የሚቀዳው ካልተቈጠረ፣ የተመለሰው ውኃ በመጣበት መንገድ ዳግመኛ መሄዱ አይቀርም።