ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻ ለቤት ሲኒማ፦ ምን ታይቶ ይገዛ?

በገበያ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻና ስሙ የገነነው ማጫወቻ ክዳናቸው ተከፍቶ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በውስጣቸው ያለው ልዩነት ከዋጋቸው ልዩነት በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ በጃፓን፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ ማጫወቻው በብዙ ቺፖች የተሞላ ውድ ዕቃ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ምስሉንና ድምፁን መፍታቱም፣ ሞተሩን መቆጣጠሩም፣ የሪሞቱን ትእዛዝ መቀበሉም ወደ አንድ ቺፕ ተጠቃለለ። እንደ ታይዋኑ ሚዲያቴክ ያሉ ኩባንያዎች ቺፑን ለብዙ ፋብሪካዎች መሸጥ ጀመሩ። አንድ ዓይነት ቺፕ የተሸከሙ ማጫወቻዎች በተለያየ ስምና በተለያየ ዋጋ መደርደሪያ ላይ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በርካሾቹ መካከል ሲመረጥ ከፊት ለፊት የተለጠፈው ስም ብዙ አይናገርም። ሊታይ የሚገባው ጀርባው ነው፤ እዚያ ያሉት መውጫዎች ቤት ካለው ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር ጋር መግጠም አለባቸው። ቀጥሎ የሚታዩት ሌንሱ፣ ሞተሩና የኃይል ክፍሉ ናቸው። ፋብሪካ ወጪ ለመቀነስ ሲያስብ የሚቆጥበው በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው።

ከምስል መውጫዎች ዝቅተኛው የተለመደው ቢጫ ቀዳዳ ነው። ብርሃኑንና ቀለሙን አደባልቆ በአንድ ሽቦ ስለሚልክ የፊደላት ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ቀጫጭን መስመሮች ላይም የሌለ ቀለም ይንቀሳቀሳል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት ኮምፖነንት ከዚያ በግልጽ ይሻላል። ለጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን ኤችዲኤምአይ ያለውን መውሰድ ነው፤ ምስሉ ዲጂታል እንደሆነ ይሄዳል፣ ድምፁም በዚያው ኬብል ያልፋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «1080» ማንንም ሊያማልል አይገባም። የዲቪዲ ምስል ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 576፣ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ደግሞ 480 መስመሮች ብቻ አሉት። ማጫወቻው ወደ 1080 ሲያሳድገው የጎደለውን በስሌት ይሞላል እንጂ አዲስ ዝርዝር አያመጣም፤ ይህንኑ ሥራ ቴሌቪዥኑ ራሱ መሥራት ይችላል።

ከመውጫው በላይ ምስል የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ያልተነካ ሜኑ ነው። ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ የተሰካ ማጫወቻ ሜኑው «4:3» ላይ ከቀረ፣ ለሰፊ ስክሪን ከተዘጋጀ ፊልም ሩብ ያህሉ መስመር በጥቁር ሰሌዳ ይባክናል። ወደ «16:9» መቀየር ገንዘብ አያስወጣም።

የቤት ሲኒማን ከተራ ቴሌቪዥን የሚለየው ድምፁ ነው። የዲቪዲ ፊልም በብዛት ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ከፊት ለግራ፣ ለመሃልና ለቀኝ፣ ከኋላ ለግራና ለቀኝ፣ ስድስተኛው ደግሞ ለሰብዉፈር። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻዎች ስድስት የድምፅ ቀዳዳዎች ደርድረው ይህን ድምፅ ራሳቸው ፈትተው ያወጣሉ። ሲታይ የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ክፍል በርካሽ ዕቃ ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱን ስፒከር መጠንና ርቀት ማስተካከያውም እንደ ነገሩ ነው። የተሻለው መንገድ ድምፁን ሳይፈቱ በኮአክሲያል፣ በኦፕቲካል ወይም በኤችዲኤምአይ ወደ አምፕሊፋየሩ መላክና መፍታቱን ለእሱ መተው ነው። እንዲህ ሲደረግ የርካሹና የውዱ ማጫወቻ ድምፅ እኩል ይሆናል፣ ሁለቱም የሚልኩት ዲስኩ ላይ ያለውን ያንኑ ዳታ ነውና። በኮአክሲያልና በኦፕቲካል መካከልም የጥራት ልዩነት ተብሎ የሚነገረው ሊያስጨንቅ አይገባም። አምፕሊፋየሩ ያለው መግቢያ ይወስናል።

እዚህም ላይ ሜኑው መታየት አለበት። በብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የዲጂታል ድምፁ ምርጫ «ሮው» እና «ፒሲኤም» ተብሎ ይቀመጣል። «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ ማጫወቻው 5.1ዱን አጣጥፎ በሁለት ቻናል ይልከዋል፤ የመሃሉና የኋላ ስፒከሮች ዝም ሲሉ ባለቤቱ አምፕሊፋየሩ ተበላሸ ይላል። «ሮው» ሲደረግ ሙሉው ድምፅ ይደርሳል። ቪሲዲ ግን የያዘው ስቴሪዮ ብቻ ስለሆነ ከእሱ 5.1 መጠበቅ አይቻልም፤ ይህ የማጫወቻው ጥፋት አይደለም።

ማጫወቻና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን፣ ከነስፒከሮቹ የሚሸጠው «ሆም ቲያትር» ለጀማሪ ይመቻል፤ ሌንሱ ሲደክም ግን ጠቅላላው ዕቃ ጥገና ቤት ይገባል። በካርቶኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠር «ፒኤምፒኦ» ዋት ቢጻፍ ዋጋ ሊሰጠው አይገባም፤ ቁጥሩ ወጥ መለኪያ የለውም። ለንጽጽር የሚረዳው «አርኤምኤስ» ነው።

ሌላው ጉዳይ የክልል ኮድ ነው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በስድስት ዋና የዲቪዲ ክልሎች ከፍለዋታል፦ አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓ፣ ጃፓንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5 ናት። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ የተላከ ኮድ ያለው ፊልም፣ ለክልል 5 በተሠራ ማጫወቻ ላይ «ዲስኩ አይነበብም» የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ስም የሌላቸው ማጫወቻዎች ብልጫ አላቸው፤ ብዙዎቹ ሁሉንም ክልል እንዲያነቡ ተደርገው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ገበያ የወጣው አፔክስ ኤዲ-600ኤ የተባለ ርካሽ ማጫወቻ እጅግ የተፈለገው የክልል ኮዱን የሚያጠፋ ድብቅ ሜኑ ስለነበረው ነበር። የአሜሪካ ዲስክ ኤንቲኤስሲ፣ የኢትዮጵያና የአውሮፓው ደግሞ ፓል በመሆኑ ማጫወቻው ሁለቱንም ማስተናገድ ይኖርበታል። ምስሉ ድንገት ጥቁርና ነጭ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በሜኑው ላይ ያለው የፓልና የኤንቲኤስሲ ምርጫ ነው።

ከውጭ አገር ማጫወቻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከሁሉ የሚያስፈራው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ጀርባው ላይ «100–240 ቮልት» ከተጻፈ የትም ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ ከተጻፈ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ርካሽ የኃይል ክፍል ዕድሜው አጭር ስለሆነ ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል።

የዩኤስቢ ቀዳዳ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች የሚያነቡት በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀመጥም።

ወሳኙ ፈተና ሱቁ ውስጥ የሚደረገው ነው። ለዚህ የፋብሪካ ፊልም አይበቃም። ቤት ውስጥ ወይም በቪዲዮ ቤት የተቀዱ የሠርግና የልደት ዲስኮች ብርሃን የማንጸባረቅ አቅማቸው ከፋብሪካው ያነሰ ስለሆነ ደካማ ሌንስ መጀመሪያ የሚሰናከለው በእነሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዲስክና ትንሽ የተጫረ ሌላ ዲስክ ይዞ መሄድ፣ ፊልሙን ወደ መጨረሻው አካባቢ ማሳለፍ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ይጮህ እንደሆነ ማዳመጥ፣ ትሪውን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ይገባል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ማጫወቻውን ሰክቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አለመግዛት ይሻላል።