ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚገዛ ኤስ ኤስ ዲ በምን መመዘኛ ሊመረጥ ይገባል?

በሰሜን ሸዋ ዞን በማጀቴ፣ በአጣዬም ሆነ በሸዋ ሮቢት የሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያረጁ ኮምፒዩተሮቹን ለማደስ ሲነሳ ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች አንዱ የትኛውን የመረጃ ማከማቻ መግዛት እንደሚገባው ነው። በገበያ ላይ እጅግ ፈጣን ተብሎ የቀረበው ሁሉ ለቢሮ ሥራ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ውሳኔው የባለጉዳይን ጊዜ፣ የመንግሥትን በጀትና የሕዝብን ሰነድ የሚነካ በመሆኑ ጥንቃቄ የተሞላበት ግምገማ ይሻል።

ሶሊድ ስቴት ድራይቭ ወይም በአጭሩ ኤስ ኤስ ዲ በመባል የሚታወቀው መሣሪያ ከነባሩ ሃርድ ዲስክ የሚለየው ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው በመሆኑ ነው። ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5 ሺህ 400 ወይም 7 ሺህ 200 ጊዜ በሚሽከረከር ሳህን ላይ ክንዱን እያንቀሳቀሰ መረጃ ሲፈልግ፣ ኤስ ኤስ ዲ ግን በተለመደው ፍላሽ ዲስክ ውስጥ ካለው ጋር በሚመሳሰል ቺፕ ይጠቀማል። ናንድ ፍላሽ የተሰኘው ይህ ቴክኖሎጂ በጃፓናዊው ኢንጂነር ፉጂዮ ማሱኦካ መሪነት በቶሺባ ኩባንያ ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የተደረገ ነው።

ለዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የሚቀርቡት መሣሪያዎች በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሳታ በተባለው የሃርድ ዲስክ ኬብል የሚገናኝ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው ኤን ቪ ኤም ኢ የተሰኘው ሲሆን በቀጥታ በማዘርቦርድ ላይ ይገጠማል። ከዚህኛው ዓይነት አንዱ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ የቀረበው ሳምሰንግ 990 ፕሮ በሰከንድ እስከ 7 ሺህ 450 ሜጋባይት እንደሚያነብ አምራቹ ይገልጻል።

ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ የሚገኘው አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ በሚነበብበት ጊዜ ነው። ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ የሒሳብ መዝገብ ሲፈለግ ወይም ደብዳቤ ሲዘጋጅ የሚነበቡት ግን በየቦታው የተበታተኑ ጥቃቅን መረጃዎች ናቸው። በዚህ መለኪያ አንድ ጥያቄ ብቻ በተራ ሲቀርብለት ይኸው መሣሪያ በሰከንድ 22 ሺህ ያህል ንባቦችን የሚያከናውን ሲሆን፣ ይህም ወደ 90 ሜጋባይት ይጠጋል። የዚያው ኩባንያ የሳታ ምርት የሆነው 870 ኢቮ ደግሞ 13 ሺህ ያህል ያከናውናል። ሃርድ ዲስክ በአንጻሩ በሰከንድ ከመቶ እምብዛም አይበልጥም።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ደኅና ኤስ ኤስ ዲ መሸጋገር ለባለጉዳይ ጭምር የሚታይ ለውጥ የሚያመጣ መሆኑን ነው። ከሳታ ወደ እጅግ ፈጣኑ መሸጋገር ግን በተለመደው የቢሮ ሥራ ላይ የሚያስከትለው ልዩነት አነስተኛ ነው። በርካታ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የኤን ቪ ኤም ኢ መግጠሚያ የሌላቸው በመሆኑም ከግዢ በፊት ማዘርቦርዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ናሙና የሚገመግም ባለሙያ ክሪስታል ዲስክ ማርክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የተከታታይና የተበታተነ ንባብ ፍጥነትን መለካት ይችላል። በተጨማሪም በርካታ አሥር ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል መገልበጥ ተገቢ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መረጃን በመጀመሪያ የሚቀበሉት ፈጣን በሆነ ጊዜያዊ ክፍል በመሆኑ፣ ይህ ሲሞላ ፍጥነታቸው በከፍተኛ ደረጃ ሊያሽቆለቁል ይችላል። መሣሪያውን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ ማንበብም ያልያዘውን መጠን እንደያዘ አስመስሎ የሚሸጥ ሐሰተኛ ምርትን ያጋልጣል።

እንደ ይፋት ባለ ቆላማ አካባቢ ሙቀት ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። ፈጣን የኤን ቪ ኤም ኢ መሣሪያዎች ከመጠን በላይ ሲግሉ ራሳቸውን ለመከላከል ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለሆነም የሙቀት ማብረጃ ብረት የተገጠመላቸው መሆኑ፣ የኮምፒዩተሩም ማራገቢያ ከአቧራ የጸዳ መሆኑ መታየት አለበት። ጄዴክ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ለግል ኮምፒዩተር የሚውል ኤስ ኤስ ዲ የተመደበለትን የጽሕፈት መጠን ከጨረሰ በኋላ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ኃይል ለ1 ዓመት መረጃ መያዝ እንዲችል ይጠይቃል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይህ ጊዜ የሚያጥር በመሆኑ ኤስ ኤስ ዲን በሣጥን ቆልፎ ለረጅም ጊዜ ማኅደርነት መጠቀም አይመከርም።

የዕድሜው ጉዳይ ግን ብዙዎች እንደሚሰጉት አይደለም። 1 ቴራባይት የሚይዘው 990 ፕሮ ዋስትናው 5 ዓመት ወይም 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ነው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሠራተኛ በዓመት የሚጽፈው 7 ነጥብ 3 ቴራባይት በመሆኑ መጠኑን ለመጨረስ ከ80 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። 150 ቴራባይት ብቻ የተመደበለት አነስተኛ መሣሪያም ቢሆን 20 ዓመት ያገለግለዋል።

ይበልጥ አሳሳቢው ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ ነው። ለሰርቨር ተብለው ከሚሠሩት በስተቀር አብዛኞቹ ኤስ ኤስ ዲዎች በመጻፍ ላይ ያለን መረጃ ለማዳን የሚያስችል የኃይል ማጠራቀሚያ የላቸውም። በመሆኑም ለፈጣኑ ምርት ሊወጣ የታሰበውን የዋጋ ልዩነት ለዩፒኤስ መግዣ ማዋል የተሻለ ነው።

ከሁሉም በላይ ኤስ ኤስ ዲ የተሰረዘን መረጃ በአብዛኛው ወዲያውኑ ከውስጡ የሚያጸዳ በመሆኑ፣ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ የጠፋን ሰነድ ከእሱ መልሶ ማግኘት አዳጋች ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና አካባቢዋን ባዳረሰበት ወቅት የሕዝብ አገልግሎት ሰጪ ተቋማት ለዘረፋና ለውድመት መዳረጋቸው ይታወሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ከዚህ ዓይነቱ አደጋ አይድንም። ሁለተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ተዘጋጅቶ በሌላ ከተማ፣ ለምሳሌ በዞኑ ዋና ከተማ በደብረ ብርሃን፣ ሊቀመጥ ይገባል።

በመሆኑም የግዢ ዝርዝር መግለጫ የሚያዘጋጁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው ከኮምፒዩተሩ ጋር መጣጣሙን፣ ቀጥሎም የተበታተነ ንባብ ፍጥነቱን፣ የሙቀት መከላከያውንና ዋስትናውን ቢመለከቱ፣ ለዩፒኤስና ለመጠባበቂያ ቅጂም በዚያው በጀት ድርሻ ቢይዙ የመንግሥት ገንዘብ ለታለመለት ዓላማ ይውላል።