በአገልግሎት ማምሻ ላይ መሥሪያ ቤት ስለ መለወጥ

ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ዓመት መንግሥትን ያገለገለ ሰው፣ ዕድሜው ሃምሳ አራት ሲደርስ፣ አንድ የግል ድርጅት «ወደ እኛ ይምጡ፤ ከአሁኑ አብልጠን እንከፍልዎታለን» ቢለው ምን ማድረግ ይገባዋል? ብዙዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ወይ በደስታ ወይ በአለቃቸው ላይ ባደረባቸው ቅሬታ ተገፋፍተው ነው። ሁለቱም ደኅና አማካሪዎች አይደሉም።

አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የጡረታው ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 714፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 715 ወጥተው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። በዚህ ሥርዓት ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በተገኘው አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ከመቶ 30 ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመርበታል፤ ከመቶ 70 ግን አያልፍም። በመንግሥትና በግል ድርጅት የተፈጸመው አገልግሎት ስለሚደመር ዓመታቱ አይጠፉም። የሚያሠጋው ሌላ ነው፤ ይኸውም የቤት፣ የመጓጓዣና የመሳሰለው አበል ከደመወዝ አለመቆጠሩ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። ደመወዝዎ 12,000 ብር ነው እንበል። ሳይለወጥ በስድሳ ዓመትዎ፣ በ36 ዓመት አገልግሎት ጡረታ ቢወጡ ከመቶ 62.5፣ ማለት 7,500 ብር ያገኛሉ። አዲሱ ድርጅት 20,000 ብር ቢሰጥዎ፣ ነገር ግን ደመወዙ 9,000፣ የቀረው 11,000 አበል ቢሆን፣ ጡረታዎ 5,625 ብር ይሆናል። ዛሬ በየወሩ 8,000 ብር ጨምረው፣ ነገ ዕድሜ ልክ 1,875 ብር ያጣሉ ማለት ነው። ልጆች በትምህርት ላይ ላሉት ሰው ይህ ልውውጥ ላይከፋ ይችላል፤ ነገር ግን አውቆት ይግባበት።

ሁለተኛው የሙከራ ጊዜ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ሙከራን ይፈቅዳል። በዚህ ጊዜ ለሥራው አይስማማም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ትናንት ፊርማው ይጠበቅ የነበረ ሹም፣ በልጁ ዕድሜ ባለ ኃላፊ ፊት ጀማሪ ሆኖ ይቀመጣል። (ይህን በቀልድ የሚያልፉት አሉ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የሚነሣው ይኸው ነው።) የነባር ሠራተኛ ዋጋው መዝገቡ የት እንዳለ፣ ጉዳዩ በማን እጅ እንደሚያልፍ ማወቁ ነውና፣ ይህ ዕውቀት ከበሩ ውጭ ብዙ አያገለግልም። በአንጻሩ የሒሳብ፣ የሕግ ወይም የመሐንዲስነት ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ የስንብት ደብዳቤዎን ከማስገባትዎ በፊት፣ አዲሱ አሠሪ ደመወዙንና አበሉን ለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የሙከራው ጊዜ እንዲቀርልዎም መጠየቅ ነውር አይደለም። ወረቀቱ ሲመጣ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ከላይ እንዳየነው ያስሉት፤ አሠሪው ለይቶ ለመጻፍ ካመነታ ግን ጥቂት ይቆዩ።